ሸራ የለበሰችው ፒክአፕ

ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና ጥገና ተምሬያለሁ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት እስከ ምዘናው ቀን ድረስ ኮሌጁ ውስጥ አንድም የመኪና አካል አልነካሁም። የነካሁት ቢኖር የሚኒባስ በር ነው፣ እሱንም ለልቅሶ ኢንጅባራ ሄጄ ስወርድ። ረዳቱ «በሩን ቀስ አድርገው!» ብሎ ጮኸብኝና እጄን ሰበሰብኩ። እንግዲህ ከዚህ ተነሱና ለምን እንደምቆጣ ራሳችሁ ፍረዱ። «አንተ ሰው፣ ደምህን አታፍላው» የሚሉኝ ሞልተዋል። እኔ አላፈላሁትም! ያፈሉትን ሰዎች ነው አሁን የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ዳንግላ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። ፈረሴ ዳማ ይባላል። የገዛሁት ከዘንገና ገበሬ ስለሆነ ከአዊኛ ሌላ አይሰማም፤ በአማርኛ ብትለምኑት ጆሮውን እንኳ አያንቀሳቅስላችሁም። በዚህ ጋሪ ያልጫንኩት የለም። ጤፍ ጭኛለሁ፣ ድንች ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ጤና ጣቢያ ሳልደርስ አባት ከመሆን ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ታዲያ ባጃጅ መጣ። ትናንት «ወንድሜ፣ ና ውሰደኝ» ሲለኝ የኖረ ሰው ዛሬ አጠገቤ ቆሞ ባጃጅ ይጠራል። ይሄስ ይሁን። አንድ ቅዳሜ የገዛ ሚስቴን፣ ይታይሽን፣ ከገበያ በባጃጅ ስትመለስ አየኋት! ኋላ ብጠይቃት «ጋሪህ ወገቤን ይቆርጠኛል» አለች። አሥራ አራት ዓመት ያልተቆረጠ ወገብ!

እግዜር ግን አይቶልኝ ያቺ ባጃጅ ከገበያው በታች ጭቃ ላይ ቀጥ አለች። ሹፌሩ ቢረግጣት፣ ቢገፋት፣ ቢሰድባት አልነሳም አለች። ዳማን ከጋሪው ፈትቼ በገመድ ጎተትኳት፤ ይታይሽ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ። ያን ቀን ነው የባጃጅ ባለንብረቶቹ ሰብሳቢ ወደ ጎን የወሰደኝ። «ጋሼ፣ ባጃጁ በዛ፣ የሚጠግነው ሰው ግን የለም። ከመናኸሪያው ጀርባ ለጥገና የያዝናት አንዲት ክፍል አለች። ተምረው የብቃት ወረቀት ይዘው ይምጡ፣ የእርስዎ ናት። ሁለት ዓመት እንጠብቅዎታለን። ወረቀት ከሌለ ግን ለሌላ ሰው ነው» አለኝ።

ይታይሽም «ተማር» አለች። «ጋሪውን ትተህ ሰው ሁን።» ሰው ሁን! እስከዚያ ድረስ ምን እንደነበርኩ አልጠየቅኳትም፣ መልሱን ፈርቼ።

የኮሌጁን ስም አልጠራም። ከዳንግላ በፈረስ የሚደረስበት ቦታ ነው፣ ይበቃችኋል። በየማለዳው የምሄደው በጋሪዬ ነበር። መጀመሪያ ቀን የበሩ ጥበቃ «የምን ተማሪ ነህ?» አለኝ። «የመኪና ጥገና» አልኩት። ዳማን አየ፣ ጋሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በትሩን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ።

የዚያኑ ቀን ኃላፊው ንግግር አደረጉልን። «እዚህ ትምህርት በወሬ አይደለም፣ በእጅ ነው። እጁ ግሪስ ያልነካ ሰው ከዚህ ግቢ አይመረቅም!» አሉ። አጨበጨብን። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጭብጨባዬን መልሱልኝ እያልኩ ኖርኩ።

ከዚያ አስተማሪያችን ቲቸር ሀብታሙ ወርክሾፑን ሊያሳየን ወሰደን። አሳየንም፤ በመስኮት። ሃያ ሁለት ሰው ተራ በተራ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ እየለጠፈ አየ። ውስጥ አንዲት ፒክአፕ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ በእርዳታ የመጣች ናት ተባልን። በሩ ላይ የቡጢ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከቁልፉ አጠገብ ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እትዬ የሽወርቅ ቆመዋል። መክፈቻውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚይዙት።

«እትዬ፣ መቼ ነው የምንገባው?» አልኳቸው።

«ወዴት?»

«ወደ መኪናዋ።»

«መኪናዋን ምን ልታደርጓት?»

«ልንፈታታት ነዋ! ልንማርባት።»

እትዬ የሽወርቅ አማተቡ። «ትበላሻለች!» አሉ።

አሁን ይህን ስሙኝ። የጥገና ትምህርት ቤት ነው። እንድትበላሽ እኮ ነው የመጣችው! ካልተበላሸች ምኗን እንጠግናለን? ይህንኑ ብነግራቸው «ሞዴል አምጣና እከፍትልሃለሁ» አሉኝ። ሞዴል ማለት ንብረት የሚወጣበት ወረቀት ነው፤ ኃላፊው ካልፈረሙበት አይሠራም። ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ናቸው። ጠዋት ብትሄዱ ስብሰባ፣ ከሰዓት ብትሄዱ ስብሰባ። ያንን ንግግር ካደረጉልን ቀን ጀምሮ እኔ ሰውየውን በዓይኔ አላየኋቸውም።

አንድ ነገር ግን ያን የመጀመሪያ ቀን አይቼ ነበር። የጋሪ ሰው ከምንም በፊት የሚያውቀው ሚዛን ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው አፍንጫውን ያነሳና ፈረሱን ያንቀዋል፣ ወደ ፊት ከበዛ ጫንቃውን ይልጠዋል። ስለዚህ የቆመ ነገር ሁሉ ሳላስበው በዓይኔ እለካለሁ። ያቺ ፒክአፕ በሸራዋ ሥር ሆና አፍንጫዋን ሽቅብ አንስታለች።

«ቲቸር፣ ይቺ መኪና ከፊት ለምን ቀለለች?» አልኩ።

«አልቀለለችም ጋሼ፣ ዲዛይኗ ነው» አለኝ።

ዲዛይን! አፌን ዘጋሁ። ያን ቀን አፌን በመዝጋቴ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

ትምህርቱ በጠመኔ ተጀመረ። ቲቸር ሀብታሙ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን እመሰክራለሁ። እሱም መክፈቻ የለውም። ሞተሩን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲሥለው ያሳዝናል፤ ፒስተኑን በነጭ፣ ነዳጁን በቀይ፣ ዘይቱን በቢጫ። ክረምት ሲሆን ጣራው ያፈስና ሞተሩ እየታጠበ ይወርዳል። ቲቸር ሰሌዳውን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና ከፒስተኑ ይጀምራል። እኛም በማስመሪያ እየለካን ደብተር ላይ እንገለብጣለን። አጠገቤ የምትቀመጠው ማስተዋል የምትባል የአዲስ ቅዳም ልጅ ናት፣ ምላሷ አያድርስ ነው። ቢጫ እርሳሴ ከመስመር ሲወጣ ታያለች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሞተር ዘይት ያፈሳል፣ መንገድ ላይ እንዳይቀሩ» ትለኛለች።

ከስንት ደብዳቤ በኋላ አንድ ቀን «ዛሬ ተግባር ነው» ተባለ። ሰማያዊ ቱታ ታደለን። እትዬ የሽወርቅ «ንጹሕ እንደሆነ ይመለሳል» ብለው በየስማችን አስፈረሙን። የጥገና ቱታ፣ ንጹሕ! ቀጥለው አንድ ካቻቢቴ አመጡ። አንድ ብቻ! እሱም ከላስቲኩ አልወጣም። በላስቲኩ ላይ ያዝነው፣ «ካቻቢቴ» አልን፣ ለሚቀጥለው ሰው አቀበልነው። ሃያ ሁለታችንን ሲዞር ዋለ። በመጨረሻ እትዬ የሽወርቅ ተቀብለው «አንድ» ብለው ቆጠሩትና ቆልፈውበት ሄዱ። ቆሽቴ አረረ። ቤት ስገባ ይታይሽ «ዛሬስ ምን ተማርክ?» አለችኝ። «ካቻቢቴ አቀበልኩ» አልኳት። እራቴን ሳላጣጥም በላሁ።

በሁለተኛው ዓመት ለልምምድ ጋራዥ ተላክን። እሰይ፣ አሁን እጄ ግሪስ ሊነካ ነው ብዬ ሄድኩ። የጋራዡ ባለቤት እኔን ሲያይ ፊቱ አልተፈታም፣ ጋሪውን ሲያይ ግን በራ። ሦስት ወር ሙሉ የወለቀ ሞተር ከጋራዡ ወደ ብየዳ ቤት፣ ከብየዳ ቤት ወደ ጋራዡ ሳመላልስ ከረምኩ። ሞተር ነካሁ ካልኩ ይኸው ነው፤ ጫንኩ፣ አወረድኩ። የሞተርን ክብደት የማውቀው በወገቤ ነው። ሲያሰናብተኝ ሪፖርቴ ላይ «እጅግ ታታሪ» ብሎ ጻፈልኝ። ስለ ዳማ ነው የጻፈው፣ አውቀዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኔ ገባና የምዘናው ቀን ተቆረጠ። መዛኙ አቶ ሞላ የሚባሉ ሰው ናቸው፣ ከኢንጅባራ ነው የሚመጡት። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ምዘናውን ካለፍኩ ወረቀቱ አለ፣ ወረቀቱ ካለ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ክፍል አለች። ሰብሳቢው «ሐምሌ አንድ ቀን በሯን እከፍታለሁ፣ ወረቀት ለያዘ ሰው» ብሎኛል። ከባሕር ዳር ወረቀት ይዞ የመጣ አንድ ጎረምሳም በሯ ላይ ሲንጎራደድ ሰንብቷል። ይታይሽ በበኩሏ ጋሪዬን በማገዶ ዓይን ማየት ጀምራለች፤ አንድ ቀን ሳንቃውን በጣቷ ስታንኳኳ ይዣታለሁ።

አቶ ሞላ መጡ። ጥፍራቸው ሥር ግሪስ አለ! በዚያ ግቢ ውስጥ ያየሁት የመጀመሪያው ግሪስ እሱ ነው፣ ሰውየውን ወዲያው ወደድኳቸው። ወረቀታቸውን ገለጡና «ሠልጣኙ ተሽከርካሪው የማይነሳበትን ምክንያት ይለያል» ብለው አነበቡ። «ወርክሾፑ ጨለማ ነው፣ መብራትም የለም። መኪናዋን ወደ ግቢው አውጡልኝ» አሉ።

«ሞዴል» አሉ እትዬ የሽወርቅ።

«እመቤት፣ ከኢንጅባራ ድረስ የመጣሁት በር ላይ ልቆም አይደለም!» አሉ አቶ ሞላ።

እትዬ የሽወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በሩን ከፈቱ። ሸራው ሲነሳ የወጣው አቧራ ሃያ ሁለታችንንም አስነጠሰን። አራቱም ጎማ ተኝቷል። ይህኔ የኮሌጁን መንፊያ ፈልጉ ቢባል መስከረም ይገባ ነበር፤ የጋሪ ጎማ የምነፋበትን ከጋሪዬ አመጣሁና አራቱንም አቆምኳቸው። ግቢው ደግሞ ጭቃ ነው፣ የአዊን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ንጹሕ ቱታውን እያየ መግፋት ፈራ፤ ፈርሟል እኮ! «ዳማን ላምጣ» አልኩ።

«ፈረስ ወርክሾፕ አይገባም!» አሉ እትዬ የሽወርቅ።

«አይገባም እትዬ፣ ውጭ ቆሞ ይስባል።»

ገመዱን ከመኪናዋ ሆድ ሥር አሰርኩ። ቲቸር ሀብታሙ መሪውን ያዘና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሂድ! ሳብ! ና!» አለ፣ በአማርኛ። ዳማ ዞሮ እኔን አየኝ። አንዲት ቃል በአዊኛ አልኩት።

መኪናዋ ሰተት ብላ ወጣች። ሰተት! በዚያ ጭቃ ላይ አሥር ኩንታል ጤፍ የጫነ ጋሪ እንኳ ከዚህ ይከብዳል። ዳማም ግራ ገብቶት ቆመ። እኔ ሦስት ወር ሞተር የጫንኩ ሰው ነኝ፤ የሞተር ክብደት አይጠፋኝም።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። «ኮፈኑን ክፈት» አሉ አቶ ሞላ። ዝጎ እንቢ ስላለ ያን የተከበረ ካቻቢቴ አዘዙልኝ። እትዬ የሽወርቅ እያዩ ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት፣ ጨክኜ። ኮፈኑን በካቻቢቴው ፈነቀልኩና ወደ ላይ አነሳሁት።

ጭቃ አየሁ። በኮፈኑ በኩል ቁልቁል ሳይ የሚታየኝ የግቢው ጭቃ ነው። ሞተር የለም! ጥቂት ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ አንድ የአይጥ ጎጆ አለ፣ አንዱ ሽቦ ላይ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ታስሯል። አቶ ሞላ ፈቱትና አነበቡት። «ሞተሩ ለብቻው ይላካል» ይላል።

አቶ ሞላ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ሠልጣኝ፣ የማይነሳበት ምክንያት?»

ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ያኔ ገንፍሎ ወጣ። «ሞተር የላትማ! ጌታዬ፣ ሞተር የላትም! አፍንጫዋ ሽቅብ ነው ብዬ መጀመሪያ ቀን ጠይቄያለሁ፣ ዲዛይን ነው ተባልኩ! ሁለት ዓመት በጠመኔ ዘይት ስቀባ ኖርኩ! ማን ነው በሕይወቴ ላይ የሚቀልደው?» አልኩ። አማርኛዬ አለቀና በአዊኛ ቀጠልኩ። የቀረውን አልደግመውም፣ እናንተም ልጆች አላችሁ። የገባቸው አንገታቸውን ደፉ፣ ማስተዋል አፏን በእጇ ያዘች።

ዳማ ግን የተናገርኩት ለእሱ መሰለው። ገመዱን እንደታሰረ ብድግ ብሎ መጋለብ ጀመረ! ፒክአፗ ከኋላው፣ ቲቸር ሀብታሙ ውስጧ መሪውን ግራና ቀኝ እያዞረ፣ የተነሳው ኮፈን ፊቱን ጋርዶት፣ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ይጮሃል። የባንዲራውን እንጨት ለጥቂት ሳቱት፣ የጎመን መደቡን ግን አልሳቱትም። ዳማ በመጨረሻ የቆመው የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ነው። በሩ ተከፈተና ኃላፊው ብቅ አሉ። ለካ በሕይወት አሉ!

እትዬ የሽወርቅ ቀስ እያሉ ደረሱና ባዶውን ኮፈን ጎንበስ ብለው አዩት። «ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «በዓል ሳልል፣ ሕመም ሳልል ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነው?» እንባቸው መጣ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ተላወሰ። እሳቸውም እንደኔው ተታለዋል። ላጽናናቸው ጠጋ ስል ቀና አሉና «በመዝገቤ ላይ ግን ሞተር አለ። ኮፈኑን የከፈተው ማን ነው?» አሉኝ። የተላወሰው አንጀቴ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አቶ ሞላ «ሞተር በሌለበት ማንንም መመዘን አልችልም። ተሰርዟል» ብለው ወረቀታቸውን አጠፉ። ልጆቹ አለቀሱ። ያቺ ምላሰኛ ማስተዋል እንኳ አለቀሰች። እኔ የማስበው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ክፍልና ያንን ጎረምሳ ነው። ለምኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ለመንኳቸው። «አዝናለሁ ወንድሜ፣ ወረቀቱ የሚጠይቀውን ካላየሁ አልፈርምም» አሉኝ።

በዚያ ጭቃ ባጃጅ ስላልነበረ እስከ መናኸሪያው እኔው ወሰድኳቸው። እኔ በንዴት እርር ድብን ብያለሁ፣ ዝናብ ስለጀመረ እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ግማሽ መንገድ ላይ የጋሪዬ የቀኝ ጎማ ይጮህ ጀመር። የጋሪ አክስል ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው፤ ጎማው የመኪና፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታም የመኪና። ድምፁን እንደሰማሁ ኩሽኔታው መበላቱን አወቅኩ። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ጨመርሽልኝ!» ብዬ ጋሪዋ ላይ ጮህኩና ወረድኩ።

ዳማን ፈታሁ። አክስሉን በድንጋይ አቆምኩ። ከመቀመጫው ሥር መፍቻዬን፣ መዶሻዬንና ግሪሴን አወጣሁ፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ኩሽኔታም አለ። ክዳኑን አነሳሁ፣ ቡሎኑን ፈታሁ፣ ጎማውን አወጣሁ፣ የተበላውን ኩሽኔታ እየመታሁ አወረድኩ፣ ውስጡን በናፍታ አጠብኩ፣ አዲሱን በግሪስ ጠቅጥቄ ከተትኩ፣ ጎማውን መልሼ ቡሎኑን አጠበቅኩና ጥቂት አላላሁት። ስሠራ አፌም አላረፈም፤ ኮሌጁን እረግማለሁ፣ ጠመኔውን እረግማለሁ፣ ዲዛይኑን እረግማለሁ። ቀና ስል ዝናብ አይመታኝም። አቶ ሞላ ወርደው ጃንጥላቸውን በላዬ ይዘውልኛል።

«ቡሎኑን ካጠበቅክ በኋላ መልሰህ ለምን አላላኸው?» አሉኝ።

«ጥቂት ካልተነፈሰ ይግላል። ከጋለ ይበላል። የሚሰቃየው ደግሞ ዳማ ነው» አልኳቸው፣ በቁጣ።

«ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምረኛል? አሥራ አራት ዓመት ጋሪ ነው የነዳሁት!»

ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አወጡና በጣታቸው ወደ ታች ፈለጉ። «የጎማ ኩሽኔታ መርምሮ መቀየር» ብለው አነበቡ። «አክስሉ የመኪና ነው አይደል?» እዚያው ዝናብ ላይ፣ ጋሪዬን ተደግፈው ጻፉና አሳዩኝ። ከስሜ ፊት ለፊት «ብቁ» ይላል። እንባዬ መጣ። እጄ ሁሉ ግሪስ ስለነበረ ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም፣ ዝናቡ ነው እንዲሉ ቀና ብዬ ቆምኩ።

«ሌሎቹንም በዚህ ልመዝናቸው እችላለሁ፣ ጋሪህን ካመጣህ» አሉኝ። ማስተዋል ስታለቅስ ትዝ አለችኝና እሺ አልኩ። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው! ብቻዬን ብቁ ሆኜ ቤቴ ብገባ ምን ነበረበት?

በሳምንቱ፣ ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ የማቆማትን ጋሪዬን ወደ ኮሌጁ አስገባሁ። በሩ ላይ ጥበቃው «የሚገባ ሁሉ ይመዘገባል» ብሎ ጻፈ፤ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩ። ያ ኩሽኔታ ያን ቀን ሃያ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ሃያ አንድ ጊዜ ተገጠመ። ቱታው ሁሉ ጠቆረ፣ ፊቱ ሁሉ ጠቆረ። ማስተዋል ከሁሉ ቀድማ ጨረሰችና «ጋሼ፣ የእርስዎ ሞተር ዘይት ቢያፈስም ጋሪዎ ደህና ናት» አለችኝ። ሁሉም አለፉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ኮሌጁ ኮሌጅ የመሰለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ምሳዬን በልቼ ዳማን ይዤ ስመለስ ጋሪዬ ግቢው ውስጥ የለችም። በወርክሾፑ መስኮት አየሁ። ከፒክአፗ ጎን ቆማለች፣ ሸራ ለብሳ! በሩ ተቆልፏል።

«እትዬ! ጋሪዬን!»

«የምን ጋሪ?» አሉና መዝገቡን ገልጠው አነበቡልኝ። «ተሽከርካሪ፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ ለማሠልጠኛ፣ ሞተር የሌለው፣ አንድ። የገባ ንብረት ያለ ሞዴል አይወጣም።»

«የራሴ እኮ ነው! ዳንግላ በሙሉ ያውቀዋል!»

«ስማኝ ባለጋሪ፣ አንድ ሞተር ጎድሎብኛል። ሁለተኛ ነገር ከእጄ አይወጣም። ሞዴል አምጣ።»

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። ስብሰባ ገብተዋል። የምዘናው ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ ክሊራንስ፣ የንብረት ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ ላለው ነው፤ ክሊራንሱ ላይ የሚፈርሙት እትዬ የሽወርቅ ናቸው። ሐምሌ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። «ጋሪውን አስረክቤያለሁ ብለህ እዚህ ፈርም፣ እኔም ክሊራንስህን እፈርማለሁ» አሉኝ። የገዛ ጋሪዬን! አሥራ አራት ዓመት የበላሁበትን ጋሪ በአንድ መስመር ፊርማ ሰጠሁና ወረቀቴን ተቀበልኩ። ዳማን ያለ ኮርቻ ጋልቤ ቤቴ ገባሁ። ይታይሽ ጋሪው መቅረቱን ስትሰማ እልል አለች።

አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ባጃጅ እጠግናለሁ። ወረቀቴ ግድግዳው ላይ ነው፣ ዳማ ደጅ ታስሮ ይቆማል። መጀመሪያ የጠገንኩት ያቺን ይታይሽን ጭቃ ላይ ያስቀረችውን ባጃጅ ነው፤ ደህና አድርጌ ነው የሠራኋት፣ ሳልወድ።

ባለፈው ኅዳር በዳማ ሆኜ በዚያ በኮሌጁ በኩል ሳልፍ ልቤ አላስችል ብሎኝ ወደ መማሪያ ክፍሉ መስኮት ጠጋ አልኩ። አዲስ ሠልጣኞች ማስመሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ቲቸር ሀብታሙ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጋሪዬን ሥሎታል። ጎማው በነጭ፣ ሳንቃው በቢጫ፣ ግሪሱ በቀይ ጠመኔ። እትዬ የሽወርቅ መዝገባቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል፣ የነጠላቸው ጫፍ እንደተቋጠረ ነው። አንዱ ሠልጣኝ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ተሽከርካሪ በምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው?»

ቲቸር ሀብታሙ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ሞተሩ ለብቻው ይላካል» አለ።

ይህኔ እትዬ የሽወርቅ ዞር ሲሉ በመስኮቱ እኔን አዩኝ። ከኔ ቀጥለው ዳማን አዩት። ከእግሩ እስከ ጆሮው አዩት፣ ከዚያ እጃቸው ወደ መዝገቡ ሄደ። አንዲት ቃል በአዊኛ አልኩት፤ ዳንግላ እስክንገባ ድረስ አልቆምንም።